እምነት የለኝም ያለ ሰው ሐዋሳ ላይ እንዴት ይኖራል?

ሐዋሳ ላይ ሃይማኖቱን የተወ ሰው ቶሎ የሚጎድልበት እሑድ ጠዋት ነው። ገብርኤል ደጅ ነጠላ ለባሹ ሲተምም፣ ከየአዳራሹ መዝሙሩ ሲሰማ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ የያዘው ሁሉ ባጃጅ ሲያስቆም እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። ስለ አምላክ መኖርና አለመኖር ያሰበው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ያንን ጠዋት የሚሞላበት ነገር ገና አላገኘም። በዚህ መንገድ ካለፉት አንዱ ነኝ። የራሴን ታሪክ ግን አልተርክም፤ የብዙዎቻችን ታሪክ ተመሳሳይ ስለሆነ ለሌላው እምብዛም አይረባም። የሚረባው የትኛው ችግር መቼ እንደሚመጣና ምን እንደሚደረግለት ማወቅ ነው።

ሰው ሃይማኖት ያስፈልገዋል ወይስ ልቦናውና ሰብአዊነቱ ይበቁታል ለሚለው ጥያቄ የደረስኩበትን ቀድሜ ልናገር። ክፉና ደጉን ለመለየት ይበቁታል። ለቅሶ በሰዓቱ ለመድረስ፣ የታመመ ጎረቤት ለመጠየቅ፣ ያስቀየሙትን ሰው ደጅ ሄዶ ይቅርታ ለማለት ግን ብቻቸውን አይበቁም፤ ቀንና ሰዓት ያለው፣ ቢቀሩ የሚያስጠይቅ ሥርዓት ይፈልጋሉ። የእምነት ቤት ይህን ሥርዓት አዘጋጅቶ ያቆየዋል፤ ምእመኑ ሳያስበው ይኖርበታል። ትቶ የወጣ ሰው አንድ በአንድ በእጁ መሥራት አለበት። ይህን ሥራ ሳይሠሩ የሚቀሩ ብዙ ናቸው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ወይ ብቸኝነት ይጥላቸዋል ወይ ሳያምኑ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ የሚሆኑት ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስለሚመስሉ ነው። የትምህርቱን እውነትነት መጠራጠር አለ። አንድ አገልጋይ፣ አንድ ነቢይ ነኝ ባይ ወይም አንድ የመዘምራን አለቃ ባደረሰው በደል መቆጣት አለ። ድባቴም አለ። ወረቀት አውጡና ሦስቱን ለየብቻ ጻፉ። ለቁጣው አንድ መፈተኛ ጥያቄ አለው፤ ያ ሰው ነገ መጥቶ እግሬ ላይ ቢወድቅ፣ የወሰደውንም ገንዘብ ቢመልስ፣ ተመልሼ እሄዳለሁ? መልሱ "አዎ" ከሆነ የተጣላችሁት ከሰው ጋር ነው፤ ሌላ አጥቢያ ወይም ሌላ ኅብረት ሊበቃችሁ ይችላል። "አይ፣ እሱ ቢመለስም እኔ አላምንም" ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ድባቴውን በክርክር አትፍቱት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ደስታ ካልሰጣችሁ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎታችሁ ከተዛባ፣ ሰውነታችሁ ከከበደና ተስፋ ካጣችሁ ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ክፍሉን ጠይቁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። "እግዚአብሔር ስለሌለ ሕይወት ትርጉም የለውም" የሚለው ሐሳብ አንዳንዴ ፍልስፍና ይመስላል እንጂ ሕመም ነው፤ ሲታከሙት ይለቃል።

በዚህ ጊዜ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ቶሎ ማወጅ ነው። ሰው ገና ጥያቄው ሳይጠራለት ቲክቶክ ላይ ይወጣና ትናንት አብሯቸው የቆመባቸውን ሰዎች መሳደብ ይጀምራል። አንዱን ጩኸት በሌላ ጩኸት ለወጠ እንጂ ማሰብ አልጀመረም። ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የመረጡትን ሃይማኖት ወይም እምነት የመያዝ ነፃነት ይሰጣል፤ ማንንም በኃይል ማስገደድን ይከለክላል። አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል። ስለዚህ አለማመን ወንጀል አይደለም። ነገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 የአምልኮ ሥርዓት ማወክንና የተቀደሰ ቦታ ወይም ዕቃ ማርከስን ይቀጣል፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሃይማኖትን መሠረት ያደረገ የጥላቻ ንግግርን ይመለከታል። "ይህን ትምህርት አልቀበልም፣ ምክንያቴም ይህ ነው" ማለትና የአማኞችን ክብር መንካት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ክስ ባያመጣም እናታችሁን ሰፈር ውስጥ አንገት ያስደፋል።

ክርክሩ መምጣቱ ስለማይቀር ጥቂት ልበል። "እግዚአብሔርን ካልፈራህ ምን ከመስረቅ ያግድሃል?" ትባላላችሁ። ጥያቄው ከ2,300 ዓመት በላይ በግሪኮች ዘንድ ተገላብጦ ተጠይቋል፤ መልካም ነገር መልካም የሆነው አምላክ ስላዘዘው ነው ወይስ መልካም ስለሆነ ነው አምላክ ያዘዘው? ሁለተኛው ከሆነ ሰው መልካሙን በልቦናው ሊደርስበት ይችላል ማለት ነው። እዚሁ አጠገባችንም ምሳሌ አለ። የሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ፣ በሽምግልና ሸንጎአቸው፣ ሲቀመጡ የሚፈልጉት "ሃላሌ" ነው፤ እውነቱ፣ ሐቁ። ማንም ሰው ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ሳይጠየቅ በሃላሌ ይዳኛል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ የጎሳ መሪዎች የሚመክሩት ጠንክሮ መሥራትን፣ ሽማግሌ ማክበርንና መጦርን፣ አገር በቀል ዛፍ አለመቁረጥን፣ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት መራቅን ነው። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም በዓሉን የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ ሲመዘግብ ይህም ምክር አብሮ ሰፍሯል። የሐተታ ደራሲ የሚባለውን ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብን ግን ተጠንቅቃችሁ ጥቀሱት። ብዙ ወጣት "ኢትዮጵያዊው ኢ-አማኒ" እያለ ያነሳዋል። ሐተታው ጾምንና ምንኩስናን ይነቅፋል፣ ሃይማኖቶችን በልቦና ይመረምራል፤ ፈጣሪን ግን አይክድም፣ እንዲያውም መኖሩን በልቦና ለማስረዳት ይደክማል። ደራሲው እሱ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናዊ በሚለውም ምሁራን ዛሬም አልተስማሙም። አንድ ያነበበ ዲያቆን ፊት ይህን ሳታውቁ ብትከራከሩ ታፍራላችሁ።

ሌላው በችኮላ የሚነሳ ምሳሌ ስዊድንና ዴንማርክ ነው፤ "ብዙው ሕዝብ አያምንም፣ ግን በሰላም ይኖራል" ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ አገር ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲያጣ፣ ሲያረጅ የሚደርስለት መንግሥት ነው። እዚህ የሚደርሱት ዘመድ፣ እድር፣ ማኅበርና የእምነት ቤት ናቸው። ከአራቱ አንዱን የሚተው ሰው ሦስቱን ማጥበቅ አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ካልሆናችሁ ዓመታዊ መዋጮውን በምዝገባው ወቅት ክፈሉ፤ የምዝገባው ጊዜ ካለፈ እስከሚቀጥለው ዙር መጠበቅ ሊኖርባችሁ ነው። ከፍልስፍናው ይልቅ የሚያድነው ይህ ነው።

ወደ ቤተሰብ እንምጣ። መንገር ግዴታ አይደለም፣ ቢነገር ግን ቅደም ተከተል አለው። ያገባ ሰው መጀመሪያ ለትዳር ጓደኛው ይንገር፤ ሚስት ከሰፈር ብትሰማ የሃይማኖቱ ጉዳይ ቀርቶ የመታመን ጉዳይ ይሆናል። ቀጥሎ ሚስጥር የሚይዝ አንድ ወንድም ወይም እህት። ወላጅ መጨረሻ ነው። በበዓል ሰሞን፣ በሁዳዴ፣ በረመዳን፣ ለቅሶ ባለበት ቤትና ሰው በታመመበት ጊዜ አይነገርም። በወላጅ ቤት የምትኖሩና የትምህርት ወጪያችሁ ከእነሱ እጅ የሚወጣ ከሆነ ራሳችሁን እስክትችሉ ዝም ማለት ውሸት አይደለም። ሲነገር አጭር ይሁን። "እማዬ፣ እንደ ድሮው ማመን አልቻልኩም። እናንተን ግን አልተውኩም፤ በዓሉንም፣ ለቅሶውንም፣ ሥራውንም እንደ በፊቱ አብሬ ነኝ።" ከዚህ በላይ ማብራራት ክርክር ይጋብዛል። እናት ብታለቅስ አትመልሱላት፤ ንስሐ አባት ወይም ፓስተር ልታስመጣ ብትል አክብራችሁ ተቀበሉ፣ ቡና ይፈላ፣ አድምጡ፣ "አመሰግናለሁ አባ፣ አስብበታለሁ" በሉ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የሚመጣ ጫና ሲኖር ብቻ በትሕትና ገደብ ይቀመጥ። ማስፈራሪያ ወይም ዱላ ካለ ግን ትሕትናው ያበቃል፤ ከቤት ወጥታችሁ የምታድሩበት ቦታ ከመናገራችሁ በፊት ይዘጋጅ።

ጾም በሚጾምበት ቤት ሥጋ አይጠበስም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ውጭ መብላት ይቻላል። (ሐዋሳ ላይ እንኳን እናንተ አማኞቹም ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያሉ ይጨቃጨቃሉ፤ የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል በጾም ወቅት ባዶ ሆኖ አያውቅም።) "እንዴት ነህ?" ሲሏችሁ "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት፣ ለቅሶ ቤት "እግዜር ያጽናችሁ" ማለት ከህሊና ጋር አያጣላም። የሰላምታ ቋንቋ ነው፤ እሱን አርማለሁ የሚል ሰው ሐዘንተኛውን ትቶ ራሱን እያሰበ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። እድር ከሌላችሁ ከሁሉ ቀድማችሁ እድር ግቡ። ብዙ ከእምነት ቤት የሚወጡ ወጣቶች እድርን የሽማግሌ ነገር አድርገው ይተዉታል፤ ወይም ቀድሞ የነበራቸው እድር የቤተ ክርስቲያኑ ስለነበረ አብሮ ይቀራል። ሐዋሳ ላይ በዓይነቱ ብዙ ነው፤ የሰፈር፣ የመሥሪያ ቤት፣ የተወላጆች፣ የሴቶች፣ የአጥቢያ። ለእናንተ የሚሆነው የሰፈር እድር ነው፤ ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ ተቀላቅሎ ያለበት። ከመመዝገባችሁ በፊት ጸሐፊውን ደንቡን ለምኑና አንብቡ። የመግቢያና የወር መዋጮውን ሁሉም ሰው ያያል። የሚዘለለው ሌላው ነው፤ አዲስ አባል ገንዘብ ለማግኘት ስንት ወር መቆየት አለበት? ስንት ወር ውዝፍ ያለበት ይሰረዛል? ከአባሉ ሌላ ማን ማን ተሸፍኗል፣ የሚስት ወላጆችስ? ሌላ ከተማ ለሞተ ዘመድ ይከፈላል ወይ? "የአባሉ ቀብር በሃይማኖቱ ሥርዓት ይፈጸማል" የሚል አንቀጽ ካለ ሃይማኖት የሌለውን ምን ያደርጉታል? የመጨረሻውን ጥያቄ በምዝገባ ቀን ጮክ ብላችሁ አትጠይቁ። አባል ሆናችሁ፣ ታውቃችሁ፣ ከዓመት በኋላ ለእድሩ ዳኛ ለብቻቸው ንገሯቸው። የታወቀ ሰው ጥያቄ እንደ ችግር ይታያል፤ ያልታወቀ ሰው ጥያቄ እንደ ትዕቢት።

እድር ውስጥ ሰው የሚለካው በጉልበቱና በመገኘቱ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ወይም መልእክቱ ስልክ ላይ ሲገባ ቀድማችሁ ውጡ። ድንኳን ሲተከል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዓይኑ የሚያይ ሰው ነው፤ የትኛው ብረት የማዕዘኑ እንደሆነ፣ ሸራው በየት በኩል እንደሚገለበጥ፣ ገመዱ የጎረቤት አጥር ላይ እንዳይታሰር። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ማውረድ፣ በርሜል ውኃ መሙላት፣ ለንፍሮው ማገዶ። ስም ጥሪ ሲደረግ ድንኳኑ ውስጥ ሁኑ፤ ደጅ ቆሞ ስልክ የሚያወራ "የለም" ተብሎ ይቀጣል። ጸሎት ሲጀመር ወንድ ባርኔጣውን ያውርድ፣ ሁሉም ይቁም፤ አትውጡ፣ አትሳቁ፣ ከንፈራችሁንም የግድ አታንቀሳቅሱ። ማንም አይመረምርም። የሙስሊም ጎረቤት ቀብር ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም ማምሻውን እደርሳለሁ ማለት አይሠራም፤ የሰማችሁ ዕለት ሂዱ። በእድሩ ምርጫ ሰው ሲጠፋ ጸሐፊነቱን ወይም የዕቃ ግምጃ ቤቱን ውሰዱ። ሁለቱም አሰልቺ ናቸው፤ ድስት ቆጥሮ ማስረከብ፣ የተሰበረውን ሳህን ማስከፈል፣ ውዝፍ ያለበትን መጥራት። ነገር ግን ለአምስት ዓመት ድስቱን በታማኝነት የቆጠረን ሰው "ከሃዲ ነው" ብሎ የሚያስወጣ እድር የለም ብል ብዙም አልሳሳትም።

ከሁሉ የሚከብደው የራስ ቀብር ነው። ሰው ሳያስበው ይሞትና ጣጣው ለሚስትና ለልጆች ይተርፋል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለመቀበር የሰበካ ጉባኤ አባልነት፣ የተከፈለ መዋጮና ንስሐ አባት ይጠየቃል፤ ፍትሐቱም በዚሁ ይመጣል። ወንጌላውያንም ለአባሎቻቸው የያዙት የቀብር ቦታ አላቸው፤ የአባልነት ጉዳይ ይነሳል። በሁለቱም ያልታቀፈ ሰው ቤተሰቦች አስከሬን ይዘው ደጅ ለደጅ ሊንከራተቱ ይችላሉ። ስለዚህ በጤናችሁ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ወስኑ። የመጀመሪያው ለቤተሰብ ስትሉ የሰበካ ጉባኤ መዋጮውን ሳታቋርጡ መክፈል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው፣ እኔም አልነቅፈውም። ሁለተኛው በማዘጋጃ ቤቱና በክፍለ ከተማው በኩል ለቤተ እምነት ያልተሰጠ የቀብር ቦታ ስለ መኖሩና ስለ አሠራሩ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው በትውልድ ቀያችሁ፣ በቤተሰብ መሬት ወይም በጎሳ መካነ መቃብር መቀበር ነው፤ ይህ የገጠር ዘመድ ላለው ሰው ቀላሉ ነው፣ ግን የመጓጓዣውን ወጪ እድሩ ይሸፍን እንደሆነ ደንቡን እዩ።

የወሰናችሁትን ጻፉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜን ያውቃል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ ቀን መያዝና በየገጹ መፈረም አለበት። ኮምፒውተር ላይ ጽፎ መፈረም ብቻውን አይበቃም። በ7 ዓመት ውስጥም ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ይሽራል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ደግሞ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። የቀብሩን ነገር በዚያ ማስፈር ይቻላል። ነገር ግን ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከቀብር በኋላ ስለሆነ ቅጂውን ለትዳር ጓደኛና ለእድሩ ዳኛ በቁም ስጡ። አንድ ምክር ልጨምር፤ ቤተሰባችሁ ፍትሐት ካላስፈታን እንቅልፍ አይወስደንም ካሉ ፍቀዱላቸው። ሞቶ ለሚቀበር ሰው ምንም አይጎዳውም፣ እነሱን ግን ያሳርፋል። ሞቱም በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ያለ ሞት ምስክር ወረቀት ውርሱም ጡረታውም አይንቀሳቀስም።

ጋብቻ ከዚህ ይቀልላል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሦስት መንገድ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል። የክልል ሕጎችም ይህንኑ ይከተላሉ። በክብር መዝገብ ለመጋባት ሁለታችሁም 18 ዓመት ሞልቷችሁ፣ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ ከቀበሌ ያላገባ ማስረጃ ይዛችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ምስክር አቅርባችሁ ነው። ያላገባ ማስረጃው ከትውልድ ቀበሌ ተጠይቆ የሚመጣ ከሆነ ይጓተታል፤ ድግሱን ከመጥራታችሁ በፊት እሱን ጨርሱ። ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ከጸሐፊዋ ጋር አትሟገቱ። ሽማግሌ መላኩን አታስቀሩ። ሽማግሌ የሚላከው ለክብር ነው፣ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም፤ አማቶቻችሁም "ሃይማኖት የለውም፣ ወግም የለው" እንዳይሉ ይረዳል።

ልጅ ሲመጣ ግን ክርክሩ ቀን ይቆረጥለታል። በኦርቶዶክስ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። አንዱ ወላጅ አማኝ ከሆነ ውሳኔው ከእርግዝናው በፊት ይነገር፤ አራስ ቤት ውስጥ፣ አያት ገንፎ እያማሰሉ፣ ነገር አይጀመርም። ሕገ መንግሥቱ ልጅን በራስ እምነት የማሳደግን መብት ለወላጆች ሰጥቷል፤ ለአባት ብቻ ወይም ለአያት አላለም። የልደት ምዝገባ በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ የክርስትና ካርድ የልደት ምስክር ወረቀትን አይተካም። የመንግሥት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆን እንዳለበት አንቀጽ 90 ይናገራል። የግል ትምህርት ቤት ስትመርጡ ግን ጠዋት ጠዋት ጸሎትና ዝማሬ አለ ወይ ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከተከፈለ በኋላ መመለሻ የለም። ልጁ አያቱ የት እንደሄዱ ሲጠይቅ "እናትህ ሰማይ ቤት ናቸው ትላለች፤ እኔ ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል ብዬ አስባለሁ፤ ስናስታውሳቸው ግን አብረውን ናቸው" ማለት ይበቃል። የእናትን እምነት ሳያጣጥሉ የራስን መናገር ይቻላል።

አሁን ደግሞ እሑድ ጠዋት። የሚያስፈልገው ቋሚ መሰባሰቢያ ነው፤ ቅርጹን ከየትም መፈለግ አያሻም፣ ከጽዋ ማኅበር ውሰዱት። በወር አንድ ቀን፣ ቀኑ የማይለወጥ፣ ቤት ለቤት በተራ የሚዞር። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ሲበልጥ ሰው ሳይታወቅበት መቅረት ይጀምራል። ምግቡ ቀላል ይሁን፤ አንዱ ዶሮ ሲሠራ ቀጣዩ በግ ያርዳል፣ ሦስተኛው አቅም አጥቶ ይቀራል። ሽሮ ወይም ቆጮ በጎመን ብሎ ከመጀመሪያው መወሰን ነው። ሳጥን ይኑር። አሥራት ታወጡ የነበራችሁ ሰዎች ከወጣችሁ በኋላ አሥር በመቶው ኪሳችሁ ውስጥ ቀልጦ እንደሚቀር ታያላችሁ፤ ይህ ዝም ብሎ የሚመጣ ስስት ነው። ግማሹን እንኳ ደመወዝ በገባበት ቀን ወደ ሳጥኑ አዛውሩና ለጎረቤት ልጅ ደብተር፣ ለታመመ መድኃኒት ይዋል። በሳጥኑ ላይ ሁለት ፈራሚ ይኑር፤ የእምነት ቤቱን በገንዘብ ጉዳይ ነቅፎ የወጣ ሰው ራሱ ደረሰኝ ሲንቅ አይቻለሁ። የታመመ መጠየቂያ ተራም ይጻፍ፤ "ሁላችንም እንሄዳለን" የተባለበት ቤት ማንም አይሄድም። ጤናችሁ ከፈቀደ፣ ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነ፣ በየሦስት ወሩ ደም መስጠትን አብራችሁ አድርጉት፤ ቀን ያለው ደግነት ስለሆነ አይረሳም።

እንዲህ ያለ ስብስብ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ደጋግሜ አይቻለሁ። ርእሱ ሁልጊዜ ሃይማኖትን መንቀፍ ሲሆን ይፈርሳል፤ ከሦስት ስብሰባ በኋላ የሚነቀፍ ነገር ያልቅና ሰው ይሰለቻል። ቢራ ቤት ሲደረግ ሴቶችና ልጆች ይቀራሉ፣ ከዚያ የጥቂት ወንዶች ጨዋታ ይሆናል። አንድ አንባቢ ሰው ለብቻው ሲያወራ ይፈርሳል፤ ፓስተሩን ያለ ቀሚስ መልሶ አመጣው ማለት ነው። እኛ ዘንድ የሠራው አንድ ደንብ ነው፤ ስለ አምላክ መኖርና አለመኖር ማዕድ ላይ አይነሳም። ስለዚህም አማኝ ጓደኛም መጥቶ ይቀመጣል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አዘውትረው ወደ አምልኮ ቦታ የሚሄዱ ሰዎች በጤናም በዕድሜም የተሻሉ ሆነው እንደሚገኙ በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ ከጥቅሙ ብዙው የሚመጣው ከትምህርቱ ነው ወይስ ከመገናኘቱ የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። ከመገናኘቱ ከሆነ እኛም ልናገኘው እንችላለን።

ለንስሐ የሚተካ ነገር መፈለግ ብዙዎች አይታያቸውም፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያስፈልገው ይመስለኛል። ሃይማኖተኛ ሰው በዓመት ጥቂት ጊዜ እንኳ ተቀምጦ ምን አጠፋሁ ይላል። የተወው ሰው ይህን የሚጠይቀው የለም፤ በአእምሮው የሚኮራ ሰው ደግሞ ለጥፋቱ ምክንያት ማግኘት አይቸግረውም። ስለዚህ ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ገንዘብ የማትበዳደሩት፣ ለመገሠጽ የማያፍር አንድ ሰው ምረጡ፤ ጋሼ የምትሉት ጎረቤትም ሊሆን ይችላል፣ አማኝ ቢሆንም ግድ የለም። በወር አንዴ ቡና ላይ "ሰሞኑን ምን አጠፋሁ?" በሉት። ለማስታረቂያው ደግሞ ከዘመን መለወጫ ወይም ከፍቼ በፊት ያለውን ሳምንት ያዙ፤ የተቀያየማችሁትን ሰው በዚያ ሳምንት ፈልጉ፣ አስታራቂም አይጠፋም።

የመጨረሻው ፈተና ሕመም ነው። እናታችሁ ጸበል ልሂድ ቢሉ አትከልክሏቸው፣ አትሳለቁባቸውም። የምትጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ። በቂ ክኒን ቆጥራችሁ፣ የሚወሰድበትን ሰዓት ጽፋችሁ፣ አብሮ ለሚሄደው ሰው ስጡ። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት በአደባባይ መናገራቸውን አስታውሷቸው፤ ከእናንተ ቃል ይልቅ የሳቸው ቃል ይሰማል። ራሳችሁ ታማችሁ ሌሊት ላይ የልጅነት ጸሎት አፋችሁ ላይ ቢመጣ አትደንግጡ፤ ከልጅነት የተያዘ ነገር በጭንቅ ጊዜ መውጣቱ ስለ እውነትነቱ ምንም አይናገርም፣ ማፈሪያም አይደለም።

ከመካከላችሁ የሚመለስም አለ። ትዳር፣ ሐዘን ወይም ረጅም ማሰብ መልሶት ይሆናል። ለምን ብላችሁ አታፋጡት፤ ከእምነት ቤት ስትወጡ የተደረገባችሁን ምርመራ እናንተ አታድርጉት። ለሚመለሰው ደግሞ፣ አባልነቱ ኦርቶዶክስ ከሆነ ሰበካ ጉባኤው የቀረበትን ዘመን መዋጮ ሊጠይቀው ስለሚችል ከጸሐፊው ጋር በክፍያው አከፋፈል ይነጋገር። ከወርኃዊው ስብሰባችሁ ግን አታስወጡት፤ የሚቀጥለው ተራ የሱ ቤት ከሆነ ሽሮውን ራሱ ይሥራ።